ሁለት ጭራቅ ተማሪዎች፣ አራት ዓይነት ደም፦ በጃፓን ስፕላተር ስልት ፍልሚያ ለመቅረጽ

የጃፓን ስፕላተር ፊልም፣ ማለትም ደም በብዛት የሚረጭበት የአስፈሪ ፊልም ዓይነት፣ ደም አይቆጥብም። አንገት ሲቀላ ደሙ አይንጠባጠብም፤ ጣራ እስኪነካ ይተኮሳል፣ ግድግዳውን ያለብሳል፣ የባላንጣዋን ፊት ያጥባል፣ ቀሚሷ ላይ ወርዶ ጫማዋ ውስጥ ይገባል። አኪራ ኩሮሳዋ በ1962 በሠራው «ሳንጁሮ» መጨረሻ ላይ ከአንድ የሰይፍ ምት በኋላ ከደረት የሚፈነዳው ደም ለዚህ ስልት እንደ ምንጭ ይታያል። በ2009 ዮሺሂሮ ኒሺሙራና ናኦዩኪ ቶሞማትሱ ከሹንጊኩ ኡቺዳ ማንጋ (የጃፓን የሥዕል ታሪክ መጽሐፍ) ተነሥተው ያዘጋጁት «ኪዩኬትሱ ሾጆ ታይ ሾጆ ፉራንኬን» («ደም መጣጯ ልጅ ከፍራንኬን ልጅ ጋር») ደግሞ ያንን ፍንዳታ ትምህርት ቤት ውስጥ አስገባው። በአንድ ወገን ደም መጣጯ ተማሪ፣ በሌላው ወገን ከተሰፋ አካል የተሠራች ተማሪ፣ መሃል ላይ አንድ ልጅና አንድ የቫለንታይን ቸኮሌት አሉ።

እንዲህ ያለ ፍልሚያ በአነስተኛ ቡድን መቅረጽ ይቻላል። ከባዱ ነገር ጭምብሉ ወይም ሰይፉ ይመስላል፤ አብዛኛው ቀረጻ የሚበላሸው ግን በደሙ ነው። አንድ ባልዲ ደም ተበጥብጦ ለአፍም፣ ለቱቦም፣ ለወለልም፣ ለቁስልም ይውላል። ለአፍ የሚሆነው ወፍራም ደም ቱቦ ይደፍናል፤ ለቱቦ የሚሆነው ቀጭን ደም ቁስል ላይ ሲቀመጥ ሮዝ ውሃ ይሆናል። ስለዚህ ከስክሪፕቱ ላይ እያንዳንዱን የደም ቅጽበት አውጡና «ይህ ደም ምን ይሠራል? ይተፋል፣ ይተኮሳል፣ ይፈሳል ወይስ ረግቶ ይቀመጣል?» ብላችሁ ከጎኑ ጻፉ። የምታዘጋጁት ደም ዓይነትና መጠን ከዚያ ዝርዝር ይወጣል።

አራቱ ደሞች

የአፍ ደም። ለ1 ሊትር ያህል 650 ሚሊ ሊትር የበቆሎ ሲረፕ፣ 250 ሚሊ ሊትር ለብ ያለ ውሃ፣ ከ25 እስከ 30 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ ቀይ የምግብ ቀለም፣ 1 የሻይ ማንኪያ ቢጫ፣ 3 ወይም 4 ጠብታ ሰማያዊ፣ 1 የሾርባ ማንኪያ የኮኮዋ ዱቄት። የበቆሎ ሲረፕ ካልተገኘ 2 እጅ ስኳር በ1 እጅ ውሃ አሟሙታችሁ አፍሉና አቀዝቅዙት። ኮኮዋውን በቀጥታ አትነስንሱት፤ ተጓጉሎ ላዩ ላይ ይንሳፈፋል። አስቀድሞ በጥቂት ሙቅ ውሃ ይበጥበጥ። ጥቅሙ ጣዕም አይደለም፤ ብርሃን እንዳያሳልፍ ማድረግ ነው። ያለ ኮኮዋ ደሙ ጥርስ ላይ እንደ ጭማቂ ያስተላልፋል፣ ጥርሱም ከሥሩ ነጭ ሆኖ ይታያል።

ቢጫው ለምን እንደገባ ልብ በሉ። ቀይ የምግብ ቀለም ሲወፍር ጥሩ ቀይ ነው፤ በነጭ ጨርቅ ወይም በቆዳ ላይ ሲሳሳ ግን ወደ ሮዝ ያደላል። ቢጫ ያንን ሮዝ ይገድላል። ሰማያዊ ደግሞ ያጠቁራል፤ ከበዛ ወደ ወይን ጠጅ ይወስደዋልና በጠብታ ብቻ ይጨመር። ይህ ስልት ከእውነተኛ ደም ይልቅ ብሩህ ቀይ ይወዳል፤ ስለዚህ በማጥቆሩ ላይ አትግፉ።

ወደ አፍ የሚገባ ማንኛውም ነገር ከምግብ ብቻ የተሠራ ይሁን፤ ሳሙናም ሆነ ሥዕል ቀለም አይገባበትም። ተዋናዮቹን ስለ አለርጂ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀምጡት፤ ከ3 ቀን በኋላ ድፉት።

የመርጫ ደም። ይህ ነው ጣራውን የሚነካው፤ ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ የሚፈልገውም እሱ ነው። ለ10 ሊትር ለብ ያለ ውሃ ከ15 እስከ 20 ግራም ዛንታን ገም (ፈሳሽ የሚያወፍር የምግብ ዱቄት)፣ ከ200 እስከ 250 ሚሊ ሊትር ቀይ የምግብ ቀለም፣ 30 ሚሊ ሊትር ያህል ቢጫ። የቀለም ብርታት ከፋብሪካ ፋብሪካ ይለያያልና መጀመሪያ ከመጠኑ ግማሹን ጨምራችሁ በነጭ ጨርቅ ፈትኑ። ዛንታን ውሃ ሲነካው ወዲያው ይጓጎላል፤ መፍትሔው በክብደቱ 3 እጥፍ ከሚሆን ደረቅ ስኳር ጋር መቀላቀልና ማደባለቂያው እየዞረ ቀስ ብሎ መነስነስ ነው። ከዚያ ከድናችሁ አሳድሩት። ሌሊቱን በውስጡ የታሰረው አየር ይወጣል፤ በዚያው ዕለት ከተጠቀማችሁበት ነጭ ግድግዳ ላይ ሮዝ አረፋ ይሠራል። ጠዋት በናይሎን ስቶኪንግ አጥልሉት፤ አንዲት የተጓጎለች ቅንጣት ቱቦ ከደፈነች አንድ ሾት ሄደ ማለት ነው። ኮኮዋ ለዚህ ደም አይሆንም፤ ቱቦው ውስጥ ይዘቅጣል።

ፈተናው ቀላል ነው። ከ2 ሜትር ርቀት ግድግዳ ላይ ርጩትና ጠብታው ሲወርድ ተመልከቱ። ራስና ጅራት ይዞ ቀስ ብሎ የሚወርድ ከሆነ ልክ ነው። ወዲያው ተሰራጭቶ ሮዝ ከሆነ ቀጥኗል። ገመድ ሆኖ እየተበጣጠሰ ግድግዳው ሳይደርስ ከወደቀ ወፍሯልና ውሃ ጨምሩ። የሚጨመረውን ሁሉ በ10 ሊትር ስንት እንደሆነ እየጻፋችሁ ሂዱ፤ በሁለተኛው የቀረጻ ቀን ያንኑ ደም መድገም ግድ ነው።

የወለልና የልብስ ደም። ብዙ የሚያስፈልገው ይህ ስለሆነ ርካሽ ይሁን። በ1 ሊትር ውሃ ከ30 እስከ 40 ግራም የበቆሎ ስታርች በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጡ፣ እስኪወፍር አፍሉ፣ ሲበርድ በውሃ የሚታጠብ ቀይ የሥዕል ቀለምና ትንሽ ቡናማ ጨምሩ። ስኳር አይገባበትም፤ ስኳር ያለበት ወለል ሲደርቅ ጫማ ይይዛል፣ ጉንዳንና ዝንብ ይሰበስባል። የስታርች ደም በሁለት ቀን ይሸታልና ከቀረጻው በፊት ባለው ምሽት አዘጋጁት። ፊት ላይ አይውልም።

የረጋ ደም። ከአፍ ደም ግማሽ ሊትር ወስዳችሁ 15 ግራም ጄላቲን አሟሙበት፣ አቀዝቅዙት፣ በሹካ ሰባብሩት። በተቆረጠ ክንድ ጫፍና በቁስል አፍ ላይ የሚቀመጠው ይህ ነው። በካሜራ ቅርበት ሲታይ ቁርጥራጩ ብርሃን ስለሚይዝ ከፈሳሽ ደም ይልቅ ያስፈራል።

ግፊቱ

ለመተኮስ የሚበቃው መሣሪያ በእጅ የሚነፋ የአትክልት መርጫ ነው፤ 8 ሊትር የሚይዘው ይመረጣል። አብዛኛው ሰው ግን እስከ አፉ ይሞላዋል። ደሙን የሚገፋው በጋኑ ውስጥ የታመቀው አየር ነው። አየሩ ትንሽ ቦታ ካለው ጥቂት ደም እንደወጣ ግፊቱ ይወድቃል፣ የሚተኮሰውም በአንድ ሰከንድ ውስጥ ወደ ሽንት ይለወጣል። በ8 ሊትሩ ውስጥ 5 ሊትር ብቻ አድርጉና 3 ሊትሩን ለአየር ተዉ። ከ2 እስከ 2.5 ባር ይበቃል፤ ጋኑ ላይ ከተጻፈው ከፍተኛ ግፊት ፈጽሞ አትለፉ፣ የግፊት ማስተንፈሻውንም አትነካኩ።

ከመርጫው ጋር የመጣው ቀጭን ዘንግና አፈሙዝ ይወገድ። ከጋኑ እስከ መክፈቻው የውስጥ ስፋቱ ከ10 እስከ 12 ሚሊ ሜትር የሆነ ቱቦ፣ ከዚያ በሩብ ዙር የሚከፈት ቫልቭ፣ ከቫልቩ በኋላ በልብስ ሥር የሚያልፍ 1 ሜትር ያህል ባለ 8 ሚሊ ሜትር ቱቦ። የፍሰቱን ልክ የሚወስነው በመስመሩ ላይ ያለው ጠባቡ ቦታ ነውና ቱቦውን አስፍታችሁ መገጣጠሚያውን ጠባብ ብትተዉ ምንም አላተረፋችሁም። ቫልቩን በተቻለ መጠን ወደ ተዋናይዋ አቅርቡት። ጋኑ አጠገብ ከሆነ ደሙ 5 ሜትር ባዶ ቱቦ መሙላት አለበት፤ አየሩም እየሳለ ይወጣል። ከእያንዳንዱ ሾት በፊት ባልዲ ውስጥ አጭር ምት ተኩሳችሁ አየሩን አስወጡ።

የጫፉ ቅርጽ የደሙን ጠባይ ይወስናል። ክብ አፍ ቀጥ ያለ ጅረት ይሰጣል፤ ለአንገት ይሆናል። ጫፉ ላይ የተደፈጠጠ የመዳብ ቱቦ ደሙን እንደ ማራገቢያ ዘርግቶ ይረጫል፤ ለደረትና ለሆድ ቁርጥ ይሄዳል። 2 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ 5 ወይም 6 የተበሳ ክዳን ሻወር ይሆናል። አፉ ላይ ስፖንጅ ከተወተፈበት ደሙ ሳይተኮስ እየገነፈለ ይወጣል፤ ከተሰፋ ቁስል ሲፈታ ለሚታየው ደም ከዚህ የተሻለ የለም።

ቱቦውን በሰውነት ላይ በሁለት ቦታ በፕላስተር እሰሩ። ያልታሰረ ጫፍ ግፊት ሲመጣ እንደ ጅራፍ ይገረፋል። አፉ ከአገጭ፣ ከአፍንጫና ከዓይን ተቃራኒ ይዙር። ወደ ሌላ ተዋናይ ፊት ሲተኮስ ደግሞ ጅረቱ በቀጥታ ዓይን ላይ እንዳይመጣ ማራገቢያውን ጫፍ ተጠቀሙ፣ ራቅ አድርጉት፣ ዓይኗን የምትጨፍንበትን ቅጽበት ተለማመዱ። ጣራ የሚነካ የአንገት ፏፏቴ ሰው ላይ አይሠራም፤ ዩኒፎርም የለበሰ የማኒኪን ትከሻ ላይ 15 ሚሊ ሜትር ቱቦ አቁሙ። በምንም ምክንያት በፒቪሲ ቧንቧ የአየር ጋን አትሥሩ፤ የታመቀ አየር ሲሰነጥቀው ስለታም ስብርባሪ ሆኖ ይበተናል።

ትንንሽ መድማቶች መርጫ አያስፈልጋቸውም። 60 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ሲሪንጅና ባለ 4 ሚሊ ሜትር ቱቦ ለእጅ አንጓ፣ ለጆሮና ለአፍ ጥግ ይበቃሉ።

መቁረጡ

ለቅርብ ሾት ሁለት ስለት ይኑራችሁ። አንደኛው ከአሉሚኒየም ወይም ከጠንካራ ፕላስቲክ የተሠራ፣ ጠርዙ ደነዝ፣ መሃሉ ላይ በግማሽ ክብ የተቆረጠ ነው። ጉድጓዱ ክንዱን ወይም አንገቱን ያቅፋል፤ ከካሜራው ፊት ሲታይ ስለቱ ሥጋ ውስጥ የገባ ይመስላል። ጠርዙን በደም የተነከረ ጥጥ ሸፍኑትና መገጣጠሚያው ይጠፋል። ሁለተኛው ደነዝ ስለት ነው፤ ካሜራ በማያየው ጎኑ ቀጭን ቱቦ ተለጥፎ ጫፉ ጠርዙ ላይ ይደርሳል። ስለቱ ቆዳ ላይ ሲጎተት ሌላ ሰው ሲሪንጁን ቀስ ብሎ ይገፋል፤ ከኋላው የደም መስመር ይቀራል። ፍጥነታቸው ካልገጠመ ደሙ ስለቱን ይቀድመዋልና በውሃ ተለማመዱ።

ለሰፊው ሾት ጊዜው ነው የሚሠራው። ስለቱ ያልፋል፤ ምንም አይሆንም፤ ተፋላሚዋ ቆማ ትቀራለች፤ ከዚያ ይፈነዳል። በምቱና በፍንዳታው መካከል ግማሽ ሰከንድ ያህል ክፍተት ተዉ። ቫልቩን የያዘው ሰው ስለቱን ሳይሆን የተዋናይዋን ዓይን ይመልከት፤ ዓይኗ ሲሰፋ ይከፍታል። በዚህ መንገድ ምልክቱ በፊቷ ላይ ስለሚሆን ትወናውና ደሙ አይለያዩም። ቁርጡ በታየበት ቅጽበት ደም ከወጣ ተመልካቹ ቱቦውን ያስባል።

ደም መጣጯ

ለእሷ ጥቂት ነገር ይበቃል። ክራንቻዎቹ በሙቅ ውሃ ከ60 ዲግሪ ሴልሺየስ ጀምሮ ከሚለሰልሱ የፕላስቲክ እንክብሎች ይሠራሉ፤ ከውሃው አውጥታችሁ ጥቂት ካቀዘቀዛችሁ በኋላ ጥርስ ላይ ጫኑት፣ ሳይደርቅ አንድ ጊዜ አውልቁት፣ አለበለዚያ በጥርስ መካከል ይነክሳል። የቀለም ሌንስ ካስፈለገ የዓይን ባለሙያ ይለካ፤ ከአንድ ሰው ወደ ሌላ አይተላለፍም፣ የደም መርጨት ባለበት ሾትም ይወልቃል።

ደሟ ራሱ ወደ መሣሪያ ሲለወጥ ማሳየት ከፈለጋችሁ የረጋውን ደም ሰይፍ ከጠንካራ ሬዚን አትሥሩ፤ ሲሰበር እንደ መስተዋት ይቆርጣል። ብርሃን የሚያሳልፍ ለስላሳ ዩሬቴን ቀይ ቀለም ተጨምሮበት በቀጭን የፋይበር ዘንግ ዙሪያ ይፈሰስ። ለመወርወሪያና ለመውደቂያ ደግሞ ከኢቪኤ ፎም (ቀላልና ለስላሳ የስፖንጅ ንጣፍ) የተሠራና በሚያብረቀርቅ ቀይ ላቴክስ የተቀባ ሁለተኛ ቅጂ ይኑር። ከፈሳሽ ወደ ጠንካራ የሚለወጥበትን ቅጽበት ወደ ኋላ ቅረጹት፤ ሰይፉ ላይ የመርጫ ደም አፍስሱና በኤዲቲንግ ሲገለበጥ ደሙ ወደ ላይ ተሰብስቦ ስለት ይሆናል።

የተሰፋችው

እዚህ ላይ ጊዜ አውሉ። የተሰፋችው ልጅ የምታሳምነው በስፌቱ ብዛት አይደለም፤ በስፌቱ ግራና ቀኝ ያለው ቆዳ የአንድ ሰው አለመሆኑ ነው። በአንደኛው ወገን ግራጫ አረንጓዴ ያዘለ ገረጣ ቀለም፣ በሌላው ሞቅ ያለ፤ በአንደኛው ወገን የደም ሥር የሚታይበት፣ በሌላው ጠቃጠቆ ያለበት። መስመሩ ላይ ቀይና ሐምራዊ እብጠት ጨምሩ። ስፌቱ በየትኛው መገጣጠሚያ እንደሚያልፍም ከፍልሚያው ጋር አስቡት፤ ኋላ የሚገነጠለው ክንድ በትከሻ ከሆነ የስፌቱ መስመር ከመጀመሪያው ትዕይንት ጀምሮ እዚያው ይታይ።

ስፌቱን ከጄላቲን መሥራት ርካሽ ነው። ጄላቲን፣ ግሊሰሪንና ውሃ በእኩል መስፈሪያ ቀላቅሉ፣ 15 ደቂቃ ተዉት፣ ከዚያ በማይክሮዌቭ በ10 ሰከንድ በ10 ሰከንድ እያሞቃችሁ አሟሙት። አይፍላ፤ ከፈላ አረፋ ይቋጥራል፣ አረፋውም ቁስሉ ላይ ቀዳዳ ሆኖ ይቀራል። ዘይት በተቀባ ለስላሳ ሰሌዳ ላይ ቀጭን ሪባን አድርጋችሁ አፍስሱ፣ ጠርዙን በእርጥብ ጣት አሳሱ፣ ጥቁር ወፍራም ክር በመርፌ ከዚህ ወደዚያ አሻግሩ። ሪባኑ ደርቆ ሲወጣ በቆዳ ማጣበቂያ ይለጠፋል፤ ጠርዙ በሐማሜሊስ (ዊች ሄዝል) ፈሳሽ በተነከረ ብሩሽ ሲነካ ይሟሟና ከቆዳ ጋር ይዋሃዳል። በቀጥታ ፊት ላይ ትኩስ ጄላቲን አታፍስሱ። የጄላቲን ጠላቱ ሙቀትና ላብ ነው፤ በጠንካራ መብራት ሥር ከሰዓታት በኋላ ይላላል፣ ሞቅ ያለ የመርጫ ደም ሲያርፍበት ደግሞ ይበልጥ። ስለዚህ ደም የሚበዛበት ትዕይንት ላይ ስፌቱ ከሲሊኮን ይሁን።

ሲሊኮን የሚመርጡ ሁሉ አንድ ጊዜ የሚገጥማቸው ችግር አለ። ፕላቲነም ሲሊኮን ሁለቱ ክፍሎች በእኩል ተቀላቅለው ሳለ፣ ከላዩ ደርቆ ከሥሩ የሚያጣብቅ ሙጫ ሆኖ ይቀራል። ምክንያቱ ላቴክስና ድኝ ናቸው። የላቴክስ ጓንት ያደረገ ሰው የነካው ሻጋታ፣ ድኝ ባለበት ሸክላ የተቀረጸ ቅርጽ፣ ቀደም ብሎ ላቴክስ የተበጠበጠበት ዕቃ ሲሊኮኑን ያግዱታል። የናይትሪል ወይም የቪኒል ጓንት፣ ድኝ የሌለው ሸክላና ለሲሊኮን ብቻ የተለየ ዕቃ ተጠቀሙ፤ አጠራጣሪ ገጽ ካለ ትንሽ ሲሊኮን ጥግ ላይ ጠብ አድርጋችሁ ጠብቁ።

የሚገነጠለው ክንድ። የተዋናይዋን ክንድ ቅርጽ በአልጂኔት (በውሃ ተበጥብጦ ቶሎ የሚረጋ የሻጋታ ዱቄት) ውሰዱት። ክንዱ የሚገባበት ረጅም ጣሳ አዘጋጁ፣ ፀጉሩን ቫዝሊን ቀቡት፣ አልጂኔቱን ከ20 እስከ 25 ዲግሪ በሆነ ውሃ በጥብጡ። ውሃው ከሞቀ ሳትጨርሱ ይረጋል፤ ከቀዘቀዘ ይዘገያል፣ እጇ ይደክማል። ጣቶቿን እያንቀሳቀሰች አየር ካስገባች በኋላ ቀስ ብላ ታወጣለች። አልጂኔት ውሃ እያጣ ይኮማተራልና በዚያው ሰዓት ሙሉት። ክንድን በቀጥታ ጀሶ ውስጥ መንከር የተከለከለ ነው፤ ጀሶ ሲረጋ ይሞቃል፣ በወፍራሙ ሲሆን ክፉኛ ያቃጥላል።

ሻጋታው ውስጥ ሲሊኮኑን በስስ ድርብርብ አዙሩ፣ በመሃሉ ከ4 እስከ 5 ሚሊ ሜትር የሆነ የአሉሚኒየም ሽቦ ከአጥንቱ አቅጣጫ ጋር አስተካክላችሁ አቁሙ፣ የቀረውን በለስላሳ ፖሊዩሬቴን ፎም ሙሉ። ፎሙ ሲሞላ ጭሱ ስለሚጎዳ መስኮት ይከፈት። ይህ ክንድ ቀላል ነው፤ እንደ ዱላ ሲወረወር ትራስ መምሰሉ የሚመጣው ከዚህ ነው። እጅ አንጓው ውስጥ ጥቂት መቶ ግራም ክብደት ያለው የአሸዋ ከረጢት ቅበሩ፤ ጫፉ ሲከብድ ክንዱ በአየር ላይ ራሱን እየጠቀለለ ይዞራል። ሰው ለሚመታበት ቅጂ ግን ክብደትም ሽቦም አይገባበትም።

ተዋናይዋ እውነተኛ ክንዷን በሰፊ ሸሚዝ ሥር ወደ ጀርባዋ አጥፋ በመታጠቂያ ትይዛለች። ሰው ሠራሹ ክንድ ትከሻ ላይ ባለ ሳህን በጠንካራ ማግኔት ይያያዛል፤ በሳህኑ መሃል የደም ቱቦው ይወጣል። ከመገንጠሉ በፊት ያለው ሾት በእውነተኛ ክንዷ ይቀረጽ፣ ጣቶቿም ይንቀሳቀሱ። ተመልካቹ የሚንቀሳቀሱ ጣቶች ካየ ቀጣዩን ክንድ አይጠራጠርም።

ዩኒፎርሙ

የጃፓን ተማሪዎች ልብስ የራሱ ሕግ አለው፤ ስህተቱን የሚያውቅ ተመልካች ወዲያው ያያል። ባህላዊዎቹ የልብስ መቀየሪያ ቀናት ሁለት ናቸው፤ በአውሮፓ አቆጣጠር ሰኔ 1 ወደ በጋው (ሞቃቱ ወቅት) ነጭ ልብስ፣ ጥቅምት 1 ወደ ክረምቱ (ቀዝቃዛው ወቅት) ጥቁር ሰማያዊ። ታሪኩ በቫለንታይን ቀን፣ በየካቲት 14 ዙሪያ ከሆነ ልጃገረዶቹ ለወንዶቹ ቸኮሌት የሚሰጡበት ቀን ስለሆነ የመነሻው ጠብ ትክክል ነው፤ ልብሱ ግን የክረምቱ መሆን አለበት። ችግሩ ጥቁር ሰማያዊ ጨርቅ ደሙን ይውጠዋል። ስለዚህ በክረምት ልብስ ስትቀርጹ ደሙን ወደ ፊት፣ ወደ ኮሌታው ነጭ መስመሮች፣ ወደ ነጩ የቤት ውስጥ ጫማና ወደ ኮሪደሩ ግድግዳ ምሩት። ሙሉ ደም ልብስ ላይ እንዲታይ የምትፈልጉ ከሆነ ታሪኩን ወደ በጋ አምጡት።

ለእያንዳንዷ ቢያንስ 3 ልብስ ያስፈልጋል፦ ንጹሕ፣ የተረጨ፣ የተቀደደና የተነከረ። ጥጥ ቀለሙን ይዞ ይቀራል፤ ፖሊስተር ብዙውን ጊዜ ታጥቦ ሁለተኛ ሙከራ ይሰጣል። ስለት የሚያልፍበትን ቦታ አስቀድማችሁ ቅደዱ፣ በአሸዋ ወረቀት አሳሱ፣ በጥቂት ላላ ስፌት ያዙት፤ ሲጎተት ይለቃል። የጎን ስፌት ለቱቦ ይከፈት። ከሥር ቀጭን የዋና ልብስ ጨርቅ ወይም ውሃ የማያስገባ ነገር ይልበሱ፤ ደሙ ሲበርድ ሰውነት ይንቀጠቀጣል። የመርጫ ደሙን በ35 ዲግሪ አካባቢ ማቆየት ትወናውንም ያግዛል። በእርጥብ ወለልና በግፊት የሚሠሩት ተዋናዮች ዩኒፎርም ይልበሱ እንጂ አካለ መጠን የደረሱ ይሁኑ።

መብራትና ካሜራ

የካሜራውን ነጭ ሚዛን (ዋይት ባላንስ) ቆልፉት። አውቶማቲክ ከሆነ ፍሬሙ በቀይ ሲሞላ ካሜራው ሊያስተካክለው ይሞክርና ደሙ በሾቱ መሃል ቡናማ ይሆናል። የቀለም ጥራቱ ዝቅ ያለ ኤልኢዲ መብራት ደግሞ ቀይን ወደ ብርቱካን ይወስደዋል፤ ሁለት ጠብታ በነጭ ጨርቅ አድርጋችሁ በዚያው መብራት ሥር ፈትኑ። ብሩህ ቀይ ከሌሎቹ ቀለማት ቀድሞ ይቃጠላል፣ ማለትም ብርሃን በዝቶበት ዝርዝሩን ያጣል፤ አጠቃላዩ ብርሃን ልክ ቢመስልም በካሜራው የብርሃን መለኪያ ላይ የቀዩን መስመር ለብቻ ተመልከቱ፣ ካስፈለገ ግማሽ ስቶፕ ዝቅ በሉ (አንድ ስቶፕ ዝቅ ማለት ብርሃኑን በግማሽ መቀነስ ነው)።

የሚተኮስ ደም ከኋላ በኩል መብራት ይፈልጋል። ከፊት ብቻ ከበራለት ጠፍጣፋ ይሆናል፤ ከኋላ ሲመታው እያንዳንዱ ጠብታ ጠርዝ ያወጣል። በሰከንድ 24 ፍሬም በ1/48 ሻተር ጠብታዎቹ ጭረት ይሆናሉ። በ1/192 ብትቀርጹ ተለያይተው ይታያሉ፤ ያ ግን 2 ስቶፕ ብርሃን ይበላል። ለቀስታ እንቅስቃሴ (ስሎው ሞሽን) በሰከንድ 60 ፍሬም ይበቃል። ሁለት ካሜራ ካለ ለዚህ ቀን ይውጣ፤ አንዱ ሰፊ፣ አንዱ ፊት ላይ። ከአንድ ፍንዳታ በኋላ ግድግዳ ማጠብ፣ ልብስ መቀየርና ፀጉር ማድረቅ ሰዓት ይፈጃል። ሰፊው ሾት ደሙ እስኪወርድ አይቆረጥ፤ የዚህ ስልት ደስታው ያው ደሙ የት እንዳረፈ ማየት ነው።

ወለሉና ከቀረጻ በኋላ

የቀረጻው ቅደም ተከተል ከንጹሕ ወደ ደም ነው፤ የታሪኩ ቅደም ተከተል አይደለም። ከእያንዳንዱ ሾት በኋላ ፊት፣ ልብስ፣ እጅና ግድግዳ በፎቶ ይያዝ። ወለሉ ላይ ወፍራም ላስቲክ አንጥፉ፤ መጋጠሚያዎቹ 30 ሴንቲ ሜትር ይደራረቡና በቴፕ ይታሸጉ። በላስቲክ ላይ የፈሰሰ ደም በጣም ያንሸራትታልና በፍሬም ውስጥ የማይታየውን ሁሉ በፎጣ ሸፍኑ፤ የነጩን ጫማ ሶል ሻካራ ቴፕ ለጥፉበት። የኤሌክትሪክ መገጣጠሚያዎች ከወለል ከፍ ብለው ይሰቀሉ፣ መስመሩም ኤሌክትሪክ ሲያፈስ ኃይሉን ወዲያው የሚቆርጥ መከላከያ ይኑረው። ለካሜራው የላስቲክ ሽፋንና ሌንሱ ፊት ግልጽ ፊልተር ይብቃ።

ከሜካፑ በፊት ቆዳ ላይ መከላከያ ክሬም ይቀባ፤ ደማቅ ቀይ የምግብ ቀለም ያለዚያ ለቀናት ይቆያል። ለቀረው ነጠብጣብ የመላጫ አረፋ ለጥቂት ደቂቃ ትቶ መጥረግ ያግዛል። ቀለም የተነጣ ፀጉር ካለ ቀዩ ገብቶ ይቀራልና ዊግ ይሁን። ልብሱ ሳይደርቅ በቀዝቃዛ ውሃ ይታጠብ፤ ሙቅ ውሃ ቀለሙን ያጸናዋል። መርጫው፣ ቫልቩና ቱቦው በዚያው ምሽት ሙቅ ውሃ ደጋግሞ ይለፍባቸው፤ ውሃው ጠርቶ እስኪወጣ ድረስ ቫልቩ ክፍትና ዝግ ይደረግ፣ ከዚያ ተፈታቶ ይድረቅ። በስኳር የደረቀ ቫልቭ በሚቀጥለው ቀን አይዞርም።